ኢንሻአላህ የተከለከለበት ቢሮ

የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ነጋዴ ሆኖ ናስቲሆን አላውቃትም የሚል ካለ፣ ወይ ዋሽቷል ወይ በሕይወቱ ዕቃ ልኮ አያውቅም። ከገበያው ጀርባ፣ ቅመም ተራውን አልፎ ባለችው የዕቃ ማመላለሻ ቢሮ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ካርቶን ትቀበላለች፣ የላኪና የተቀባይ ስም ትጽፋለች፣ ለሹፌር ታስረክባለች። ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ ቁጣዋም ቅርብ ነው። ካርቶኑን አላልቶ አስሮ የመጣ ሰው እሷ ፊት መቆሙን ይጠላዋል።

“አቦ፣ ይሄ ዕቃ ነው የአህያ ጭነት? አንሳና እሰረው! ሹፌሩ የአንተን ዱቄት ከመንገድ ሲለቅም ይዋል?”

ተሰዳቢው ስቆ ያስራል። ድሬ ላይ ሰው የሚቆጣው ለሚያቀርበው ነው፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው የሚቀየመው።

ታዲያ ሰው ወደ ናስቲሆ የሚመጣው ዕቃ ለማስረከብ ብቻ አልነበረም፤ ኢንሻአላህ ሊሰማም ነው። “ዛሬ ይገባል?” ብሎ ይጠይቃታል። ከመዝገቧ ቀና ሳትል ፈጠን አድርጋ “ኢንሻአላህ” ካለች፣ ዕቃው ይገባል፤ ቤትህ ሂድና ጋደም በል ማለት ነው። ቃሉን ጎተት አድርጋ በበሩ ወደ ውጭ ካየች፣ መንገዱ አጠራጥሯታል፤ የሚበላሽ ነገር ካለህ ተወው ማለት ነው። ሦስተኛም ነበራት። መጀመሪያ ምላሷን ጠቅ ታደርጋለች፤ ቀጥሎ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ከሆዷ ተንፍሳ “ኢንሻአላህ” ትላለች። ይቺን የሰማ ካርቶኑን መልሶ ተሸክሞ ይሄዳል። እንዴት ታውቃለህ አይባልም፤ ይታወቃል።

እሷም ከመሬት ተነስታ አልነበረም የምትናገረው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለሹፌሮቹ በየተራ ትደውላለች። ማን ሲቅም አምሽቶ እንዳልተኛ፣ የማን ጎማ እንደሳሳ፣ የትኛው ኬላ ላይ ሰልፍ እንዳለ ትጠይቃለች። ክረምት ከሆነ ወጥታ ወደ ደጋው ታያለች። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው አይነገረውም። ይህን ሁሉ ሰብስባ በአንድ ቃል ታወጣዋለች። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ግን ለአንድም ሰው “አይገባም” ብላ አታውቅም። እንዴት ትላለች? ሰው ፊት ላይ “አይ” ማለት በር እንደመዝጋት ነው፤ ነውር ነው። ደግሞስ የነገን ከአላህ በቀር ማን ያውቃል?

የቢሮው ባለቤት ሽማግሌው ሰማታር ነበር። ሰማታር የናስቲሆን ኢንሻአላህ ከሁሉ በፊት የተማረ ሰው ነው። ሦስተኛዋን ሲሰማ “መኪናው ይቁም” ይልና ጋዜጣውን ይገልጣል። የዛሬ ዓመት ገደማ ግማሽ ጎኑን አሞት አልጋ ያዘ። ቢሮው ለልጁ ለአዩብ ሆነ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከዚያ ነው።

አዩብ ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ፤ ሰድቤው እገላገል ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሥራ ይወዳል፣ አባቱን ያጥባል፣ ናስቲሆን ከልጅነቱ ጀምሮ “ኤዶ” እያለ ነው የሚጠራት፤ አክስቴ ማለቱ ነው። ጉዱ የመጣው ከዚራ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ሊወስድ የሄደ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ አነቃቂ መጥቶ ነበር። በዚያ ሙቀት ባለ ሦስት ክፍል ሱፍ የለበሰ፣ ላቡን በነጭ መሐረብ የሚያብስ፣ “አእምሮህን ቀይር፣ ኑሮህ ይቀየራል!” እያለ የሚጮህ። ኑሮው በደንብ የተቀየረው ለራሱ ነው። ሰዉን ወንበር ላይ አቁሞ “እችላለሁ!” አስባላቸው። ሙሉ ሰው፣ የሚስት ባል፣ ወንበር ላይ ቆሞ! ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉሃል ይኼ ነው።

አዩብ በአራተኛው ቀን ቢሮ ሲገባ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ነጭ ሰሌዳ አሸክሞ መጣ። ሠራተኛውን፣ ሹፌሩን፣ ጫኙን ሰበሰበ። “ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰብ አይደለንም፣ ቲም ነን” አለ። አባቱ ሰምቶት ቢሆን ሌላው ጎኑም ያመው ነበር። ከዚያ ሰሌዳው ላይ በቀይ “የጥርጣሬ ቃላት” ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ደረደራቸው። ኢንሻአላህ። እግዜር ካለ። ምናልባት። እናያለን። ይሆናል።

“እነዚህን ቃላት ከዛሬ ጀምሮ ለደንበኛ የሚናገር የለም። ደንበኛ ‘ይገባል ወይ?’ ሲል፣ የሚገባ ከሆነ መልሱ አንድ ነው። መቶ በመቶ!” ብሎ ጡጫውን አነሳ።

ናስቲሆ ከመቀመጫዋ ተነሳች። “አስተግፊሩላህ! አንተ ልጅ፣ እስላም አይደለህም እንዴ?”

“ኤዶ፣ ቃሉን ማን ከለከለሽ? በልብሽ በይዋ! በልብሽ ሺህ ጊዜ በይው። ለሰው ግን እኛ የምንሸጠው እርግጠኝነት ነው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ልብስ ሰፊው ‘ሐሙስ ኢንሻአላህ’ ሲልሽ ሐሙስ ሰጥቶሽ ያውቃል? የአላህን ስም የስንፍና መደበቂያ አድርገነው የለም?”

እዚህ ላይ ልጁ ውሸት አላወራም። ድሬ ላይ በኢንሻአላህ የተሰፋ ልብስ ለሠርግ ታዝዞ ለክርስትና የሚደርስበት ጊዜ አለ። ሕጉ ተደነገገ፤ ከቃላቱ አንዷን የተናገረ ሰው ስሙ አጠገብ ቀይ ጭረት ይሰመርበታል፤ ሦስት ጭረት ያለው ይሰናበታል። ናስቲሆ ሁለቱን ጭረት በመጀመሪያው ቀን፣ ከምሳ በፊት ጨረሰቻቸው።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አልጋ የያዘች እናት አለቻት። ከዚህ ፍርግርግ ወጥታ የት ትገባለች? ምላሷን ነክሳ ተቀመጠች።

የመጀመሪያው ሳምንት ለነጋዴው ሁሉ ግራ የተጋባ ሳምንት ነበር። አንዱ የበርበሬ ነጋዴ መጥቶ “ይገባል?” ይላል። “መቶ በመቶ!” ትለዋለች ግድግዳ ግድግዳውን እያየች። ሰውየው ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ጆሮውን ያቀርባል። “አዴ ናስቲሆ፣ አሁን ይሄ የትኛው ነው?” ይላታል በሹክሹክታ። “ዞር በልልኝ አቦ!” ትለዋለች። የድሮዎቹ ደንበኞች ቀስ በቀስ ቀነሱ። አዳዲሶቹ ግን ጎረፉ! አዩብ እሷን በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ አወጣት፤ ጡጫዋን አንስታ “መቶ በመቶ!” ስትል። ሃሊብ የምንለውን ወተት እየሸጠች የምትውል ሴት ሳትቀር መንገድ ላይ እያየቻት ጡጫዋን ታነሳላት ጀመር።

እና አንድ ነገር ልናገር፤ ናስቲሆ ራሷ የማትናገረው ነው። ነገሩ ጣማት። የሐምሌ ወር ሲያልቅ ፎቶዋ በወርቃማ ክፈፍ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩ “የወሩ ምርጥ” ይላል። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ማን ፎቶዋን ሰቅሎ ያውቃል? ሰማታር እንኳ፣ ያ ደግ ሰው፣ ለዒድ ሥጋ ይልክላታል እንጂ አንድ ቀን “ጎበዝ ነሽ” አላላትም። ጠዋት ጠዋት በእግሯ እየሄደች ሰውነት መቀነስ ጀመረች። መስታወት ፊት ቆማ፣ እናቷ በማታይበት፣ “እችላለሁ” ብላ ሞክራ አፍራ ሳቀች። መቶ በመቶ ስትል ሰው ፊቱ ይፈካል፤ በኢንሻአላህ ግን ግማሹን ሰው ስታስከፋ ነው የኖረችው። ለሹፌሮች ጠዋት መደወሏን ግን አልተወችም። የሰማችውን የምትነግረው ሰው ብቻ ነው ያጣችው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ረቡዕ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማዘንጊያ መጣች። ማዘንጊያ የለገሃሬ ሰፈር ሴት ናት፤ ባሏ የባቡር ሰው ነበር፤ ወንድሟ ፍቅረ ማርያምም የባቡር ሰው ነው፤ ኤረር ጣቢያ ጥበቃ ነበር። የድሮው ባቡር ሲቆም ሁሉም ወደ ድሬ ሲገባ እሱ “ጣቢያዬን ለማን ትቼ?” ብሎ እዚያው ቀረ። ግትር ሽማግሌ! ስኳር በሽታ አለበት፣ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ይወጋል። ኤረር እንደልብ ስለማይገኝ ማዘንጊያ በየአስራ አምስት ቀኑ በፔርሙዝ ውስጥ በበረዶ አድርጋ በናስቲሆ እጅ ስትልክለት ስድስት ዓመቷ ነው። እሱ ደግሞ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ እንስራ ያቆየዋል። ያን ክረምት እግሩ ላይ ቁስል ወጥቶበት ሰኔንና ሐምሌን እህቱ ቤት ከርሞ፣ ድኖ ተመልሶ ነበር። ስለዚህ ማዘንጊያ ወደ ቢሮው ከመጣች ሁለት ወር አልፏታል። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ጭረቱ፣ ስለ ቲክቶኩ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ዓይኗንም ሞራ ስለጋረዳት ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አታነብም። ናስቲሆንም በድምፅዋ ነው የምታውቃት።

“ናስቲዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበቴ ገደለኝ እኮ። ይኸውልሽ የፍቅረ ማርያም መድኃኒት።” ፔርሙዙን በፍርግርጉ ሥር አሳለፈችው። “ያለችው እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ናት ብሎኛል። አንዷ ብልቃጥ ከእጁ ወድቃ ተሰብራበት። እና ንገሪኝ፤ ዛሬ ይገባል? ካልሆነ የአራት ሰዓቱን ሚኒባስ ይዤ ራሴ ልሂድ። ጉልበቴ ነው እንጂ መሄዱስ አይገደኝም።”

የናስቲሆ መኪና የሚነሳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ሹፌሩ ካሂን በስልክ የነገራት ይህ ነበር፦ “ኤዶ፣ ትናንት ማታ ከሁርሶ ወዲህ ጎርፉ ጎማዬን ነክቶ ነው ያመለጥኩት። ደጋው ዛሬም ጠቁሯል። ጠዋት ያለፈ ያልፋል፣ ከሰዓት የሄደ ግን ወላሂ አላውቅለትም።” ወጥታም አይታዋለች። ደጋው አናቱ በደመና ጠፍቶ ነበር።

የምላሷ ጫፍ ላንቃዋን ነክቷል። ጠቅ ልታደርግ፣ እስክሪብቶዋን ልታስቀምጥ። ቀና ስትል አዩብ ከማዘንጊያ ጀርባ ቆሟል፤ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አሳያት። ከራሱ በላይ ሰሌዳው፣ ሰሌዳው ላይ ስሟ፣ ስሟ አጠገብ ሁለቱ ቀይ ጭረቶች። ከሰሌዳው አጠገብ ደግሞ ፎቶዋ።

“መቶ በመቶ!” አለች።

የማዘንጊያ ፊት በራ። “እሰይ! እሰይ የእኔ እህት! ካንቺ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ። አንቺ እንዲህ ካልሽማ ገባ በይው!” ብላ በፍርግርጉ መሃል ጣቶቿን አስገብታ የናስቲሆን እጅ ሳመች። ከዚያ ባጃጅ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሚኒባሱ ሊነሳ ሠላሳ ደቂቃ ይቀረዋል። ናስቲሆ ስልኳን አነሳች። የማዘንጊያን ቁጥር አወጣች። አንድ ሰውዬ ሠላሳ ካርቶን ብስኩት አሸክሞ ገባ። ስልኩን አስቀመጠች። ካርቶኑን መዘገበች፣ ሰውየውን “አላልቶ ማሰር ይወዳል ይሄ ደግሞ” ብላ ተሳደበች፤ ቀና ስትል አራት ሰዓት ከአምስት ሆኗል። በልቧ “ኢንሻአላህ” አለች፤ አዩብ በልብሽ ተፈቅዶልሻል ብሏት የለ? በልብ የተባለ ኢንሻአላህ ለማዘንጊያ ምን ይረባታል! ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ካፍ ያልወጣም ያው ገደል ነው።

ካሂን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳ። መልካ ጀብዱን አለፈ፣ ሁርሶን አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ አልነበረም። ጎርፉ እስከ ሰው ወገብ ሆኖ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ወደኋላ ሊመለስ ሲል ከኋላውም ሌላ ውሃ መጣ። በሁለት ጎርፍ መሃል፣ አንዲት ጉብታ ላይ፣ ሦስት ሌሊት አደረ። ቀን ቀን ደግሞ ፀሐይዋ ወጥታ ያንን የቆርቆሮ ጭነት እንደ ምጣድ አጋለችው።

ሐሙስ ዕለት ማዘንጊያ ደወለች። “ናስቲዬ፣ የፍቅረ ማርያም ስልክ ዝግ ነው። ገብቷል አይደል?”

ካሂን መሃል መንገድ እንደቀረ ናስቲሆ ከማለዳው ሰምታለች። የአዩብ ሕግ ለዚህም መልስ ነበረው፤ የተነሳ ዕቃ ሲዘገይ ለደንበኛ የሚባለው “በመንገድ ላይ ነው” ነው። እሷም “በመንገድ ላይ ነው” አለች። ይህም እውነት ነበር፤ እግዚኦ እንዲህ ያለ እውነት!

“በመንገድ ላይ? ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ?” አለች ማዘንጊያ። ቀጥላም “እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ” ብላ ዘጋች። እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ!

ዓርብ ማታ ጎረቤቶቹ ፍቅረ ማርያምን አልጋው ላይ ራሱን ስቶ አገኙት። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ውሃው ጎደል ብሎ መንገዱ ሲከፈት፣ አሸዋ በጫነ መኪና ላይ ፍራሽ አንጥፈው አሳፈሩት። መልካ ጀብዱ ሲደርሱ ነፍሱ ወጣች። ድሬ ሆስፒታል የደረሰው ሬሳው ነው።

ካሂን ያንኑ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፔርሙዙን አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ናስቲሆ ክዳኑን ከፈተችው። በረዶው ውሃ ሆኗል፤ ጣቷን አስገባች፤ ውሃው ለመታጠቢያ የሚሆን ሙቅ ነው። ብልቃጦቹ አንድም ሳይሰበር ተንሳፍፈው ነበር።

አዩብ ሲሰማ ደነገጠ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ያ ሥልጠና የሚሉት ነገር አንዴ ሰው ውስጥ ከገባ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ሠራተኛውን ሰበሰበና ጉሮሮውን ጠርጎ “ቲም፣ ከባድ ቀን ነው። ግን ከውድቀታችን መማር አለብን፤ እያንዳንዱ ውድቀት…” ከማለቱ ናስቲሆ ተነሳች። ወርቃማ ክፈፉን ከግድግዳው ነቀለችና እግሩ ሥር ፈጠፈጠችው። መስታወቱ እስከ በሩ ተረጨ።

“ውድቀት አልክ? ሰው ነው የሞተው! አንተ የተረገምክ! አፌን ለጎምከው! አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳልገድል የኖርኩትን በሁለት ወር ነፍሰ ገዳይ አደረግከኝ! ያን ኢንሻአላህ ብትተውልኝ ኖሮ ማዘንጊያ በአራት ሰዓቱ ሚኒባስ ትሄድ ነበር! አንተ ነህ የገደልከው፣ አንተና ያ ሱፍ የለበሰ ወሮበላ!”

አዩብ ጎንበስ ብሎ አንድ የመስታወት ስባሪ አነሳ። ሲናገር ድምፁ ቀጥኖ ነበር፤ ኤዶ የምትለዋም ቃል ተመልሳለች።

“ኤዶ፣ እኔ ኢንሻአላህ አትበዪ አልኩሽ። ‘አይገባም’ አትበዪ ብዬሻለሁ?”

“ምን?”

“ሰሌዳውን አንብቢው። ‘አይገባም’ የሚል ቃል አለበት? ‘ራስሽ ሂጂ’ የሚል አለበት? ብትዪው ጭረት አልነበረበትም። ካሂን ጠዋት የነገረሽን ለእኔ ነገርሽኝ? እኔ መንገድ አላውቅም፣ ኤዶ፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ።”

ናስቲሆ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ኢንሻአላህ። እግዜር ካለ። ምናልባት። እናያለን። ይሆናል። ደግማ አነበበችው። “አይ” የምትል ቃል የለችበትም። ማንም “አይ” አትበዪ አላላትም፤ ይህን ሁሉ ዘመን የከለከላት እሷው ራሷ ናት።

ይህን ልጅ ልቤ አይወደውም፤ አሁንም አልወደውም። እሷ “አይገባም” እንደማትል እያወቀ ነው ያለችውን አንዲት ቃል የነጠቃት። ያን ሕግ ባያወጣ ኖሮ ፍቅረ ማርያም ዛሬም ጣቢያውን ይጠብቅ ነበር። ግን የተናገረው እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ ከማን አፍ እንደሚወጣ አይመርጥም። ናስቲሆ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የቀይ ጭረት ነገር ያን ቀን ማንም አላነሳውም።

በሦስተኛው ቀን ለገሃሬ ለቅሶው ድንኳን ሄደች። የሰፈሯን ሴቶች አስከትላ፣ ስኳርና ዘይት ይዛ። ድሬ ላይ እስላሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ የእስላሙን ለቅሶ ሳይደርስ አይቀርም፤ ማንም ቦታ ለመልቀቅ አላመነታም። ማዘንጊያ ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። የናስቲሆን ድምፅ ስትሰማ እጇን ዘርግታ ፈለገቻት፤ አጠገቧም አስቀመጠቻት።

“መጣሽ ናስቲዬ? ጎርፉ ጉድ ሠራን አይደል? ምን ታደርጊ፣ የእግዜር ሥራ ነው። ያን ዕለት በስልክ ተቆጥቼሽ ነበር መሰለኝ፣ አትቀየሚኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንድሜን ያኖርሽልኝ አንቺ ነሽ።”

እዚህ ላይ ዝም ብትል ነገሩ አልቆ ነበር። ካሂን አይናገርም፤ አዩብ አይናገርም። ማዘንጊያ እስክትሞት ድረስ እጇን ስትስማት ትኖር ነበር። ናስቲሆ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ስታስብ ነው የመጣችው፤ ለሁለት ሌሊትም እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የማዘንጊያን እጅ እንደያዘች ተናገረች።

“ማዘንጊያ፣ ጎርፍ እንዳለ አውቅ ነበር።”

“ምን አልሽ?”

“ካሂን ጠዋት ነግሮኝ ነበር። ከሰዓት የሄደ አይገባም ብሎኛል። ደጋውንም በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንቺ ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር።”

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ከፊት ጀምሮ እየበረደ ሄደ። ማዘንጊያ እጇን አልነጠቀችም፤ ሞራ ባለበት ዓይኗ ብቻ የናስቲሆ ድምፅ ወደመጣበት ዞረች።

“ሚኒባሱ እኮ በሰላም ገብቷል” አለች ቀስ ብላ። “የጎረቤቴ ልጅ በሱ ሄዳ በሰባት ሰዓት ኤረር ምሳዋን በልታለች። ታዲያ ለምን አትላኪ አላልሽኝም?”

“ቃሉን ከልክለውኝ…”

“የቱን ቃል? ‘አትላኪ’ ማለትን?”

ናስቲሆ አዩብ ላይ ልታሳብብ አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችው። “አይ። ‘አትላኪ’ ማለትን ማንም አልከለከለኝም። አፈርኩ። ሰው እየሰማኝ ነበር፣ ደስ እንዲላቸው ፈለግኩ። አፉ በዪኝ ማዘንጊያ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አፉ በዪኝ።”

ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ሲባል መልሱ የታወቀ ነው። “እግዜር ይቅር ይበልሽ” ይባላል፤ ልብ ባይፈቅድም አፍ ይለዋል፤ ሴቶቹ “እሰይ፣ ደግ አደረግሽ” ይላሉ፤ ነገር ይዳፈናል። ድንኳን ሙሉ ሰው ያንኑ ጠበቀ። አንዲት አሮጊትማ ቀድማ “በይ እንጂ ልጄ፣ ይቅር በያት” አለች።

ማዘንጊያ እጇን ከናስቲሆ እጅ አወጣች። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

“አይ” አለች። “አልልሽም። አሁን ሂጂ።”

አሮጊቷ እንደገና ልትለምን ስትል ማዘንጊያ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ናስቲሆ ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች፤ ሴቶቹም እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፏት።